ከወረቀት ስለሚሠራው ኮሜት

የወረቀት አይሮፕላን ሲባል አንባቢው ቶሎ የሚያስበው፥ ልጆች ከደብተራቸው ገጽ ቀድደው አጥፈው በትምህርት ቤት ደጅ የሚወረውሩትን ነው። እኔ የምናገርለት ግን ሌላ ነው። ይኸውም እውነተኛው አይሮፕላን ከ24 እጅ አንድ እጅ ሆኖ፥ ክፍሎቹ ሁሉ በወፍራም ወረቀት ላይ ተነድፈው፥ በምላጭ ተቈርጠው፥ ታጥፈውና ተጠቅልለው፥ በሙጫ እየተያያዙ የሚቆም ምሳሌ ነው፤ ዛሬ ሰዎች ሞዴል ይሉታል። ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ 1 ሜትር ከ18 ሴንቲ ሜትር፥ ከአንዱ ክንፉ ጫፍ እስከ ሌላው 1 ሜትር ከ46 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የገላው ውፍረት ወደ 13 ሴንቲ ሜትር ነው። የቤታችን ጠረጴዛ ስለማይበቃው ክንፎቹ ለየብቻቸው እየተሠሩ በአልጋ ላይ ይውላሉ፤ ባለቤቴም ማታ ማታ «እንግዳችሁን አንሡልኝ፥ ልተኛበት» ትለናለች።

አይሮፕላኑ ኮሜት ይባላል፤ ወደ ቋንቋችን ሲመለስ ጅራታም ኮከብ ማለት ነው። ደ ሃቪላንድ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የሠራው ሲሆን፥ መንገደኛ ለማመላለስ ከተሠሩት የጄት አይሮፕላኖች ሁሉ የመጀመሪያው ነው። ሃትፊልድ ከተባለው የኩባንያው ሜዳ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሣው በጁላይ 27 ቀን 1949 ነበረ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)፤ ነጂውም ጆን ከኒንግሃም ነበረ። በዚያ ዘመን መንገደኛ የሚጭኑት አይሮፕላኖች ሁሉ በፕሮፔለር የሚሄዱ ነበሩ። ኮሜት ግን አራቱን ሞተሮቹን ክንፉ ከገላው ጋር በሚጋጠምበት ስፍራ ቀብሮ ስለሚሄድ፥ ከሩቅ ላየው ሰው ሞተር የሌለው ይመስላል። መልኩ እጅግ ያምራል። ለወረቀት ሠሪ ግን ይህ ውበት ዋጋ አለው፤ በክንፉ ሥር ያሉትን አራት የአየር መግቢያ አፎች ከወረቀት ለማውጣት ሦስት ሳምንት ፈጅቶብናል።

የንድፉን ወረቀቶች አሳትሞ ያመጣልኝ የእኅቴ ልጅ ነው። እርሱ የአይሮፕላን ጥገና ተማሪ ነው። እኔ በቅኔ ቤት ያደግሁ፥ በወጣትነቴም ብራና መዳመጥና መጽሐፍ መጠረዝ የተማርሁ ሰው ነኝ እንጂ ከሞተር ጋር ትውውቅ የለኝም። ነገር ግን ልጁ በትምህርቱ «የብረት ድካም» ከሚባል ምዕራፍ ደርሶ ኖሮ፥ አንድ ቀን ማታ መጽሐፉን ሲያነብብ «ይህስ ቁጥር ብቻ ነው፤ ለፈተና ሸምድጄ አልፈዋለሁ» ሲል ሰማሁት። ይህ ልጅ ነገ በፊርማው አይሮፕላን የሚለቅቅ ነው፤ ፊርማውንም አምኖ ሰው ይሳፈራል። ስለዚህ «እንግዲያስ ያ ምዕራፍ የተጻፈበትን አይሮፕላን ንድፍ አምጣልኝ፥ አብረን እንሥራው» አልሁት። እርሱም ስቆ «ጋሼ፥ እርስዎ ሊሠሩት? እርሱ እኮ የወደቀ አይሮፕላን ነው» አለኝ። መውደቁንማ ዐውቃለሁ፤ የፈለግሁትም ስለዚሁ ነው።

ሥራው ከብራና ሥራ ጋር ያለው ዝምድና አስደንቆኛል። ብራና ሲሰመር ቀለም አይነካውም። ዳርና ዳሩ በወስፌ ይወጋል፤ ከዚያም ከነጥብ እስከ ነጥብ ይጫራል፤ መሥመሩ የሚታወቀው በጥላው ብቻ ነው። ወፍራም ወረቀትም ሳይሰበር ቀጥ ብሎ እንዲታጠፍ፥ ከመታጠፉ አስቀድሞ እንዲሁ በደነዘዘ ጫፍ ይሰመራል። ልጁ ለዚህ ሥራ ተብሎ የሚሸጥ መሣሪያ እንዳለ ነገረኝ፤ እኔ ግን ከሠላሳ ዓመት በፊት የያዝሁትን ወስፌ ከሣጥኔ አወጣሁ፥ እርሱም በቃ። ወረቀት ደግሞ እንደ ቆዳ የራሱ ጠባይ አለው። በፋብሪካ ሲሠራ ቃጫዎቹ በአንድ ወገን ስለሚተኙ፥ በአንዱ አቅጣጫ ሲጠቀለል በፈቃዱ ይታዘዛል፥ በሌላው ሲጠቀለል ግን ይሰባበራል። ስለዚህ ለገላው የሚሆነውን ወረቀት ከመቁረጣችን በፊት ጫፉን በጥቂቱ እያጎበጥን በየትኛው ወገን እንደሚለዝብ እንመረምራለን። ገላው የሚሠራው በቀለበት በቀለበት ነው፤ በየቀለበቱ ውስጥ ከካርቶን የተቈረጠ ክብ የጎድን ዐጥንት ይገባል፤ ቀለበትና ቀለበት የሚያያዙትም በውስጥ በኩል በሚለጠፍ ቀጭን መቀነት ነው። አፍንጫው እንደ አበባ ቅጠል ተሰንጥቆ መልሶ የሚገጠም ስለ ሆነ ከሁሉ ያስቸግራል። የተቈረጠው የወረቀት ዳር ነጭ ሆኖ እንዳይታይ በቀለም ይነካል። ሙጫውም በስንጥር ጫፍ ብቻ ይቀባል፤ ከበዛ ወረቀቱ ውኃውን ጠጥቶ ያብጣልና።

ስለ ሙጫ ከተነሣ አንድ ነገር ልጨምር። ልጁ ሙጫን የሕፃናት ጨዋታ አድርጎ ይንቀው ነበረ። እውነተኛው ኮሜት ግን ራሱ በብዙ ስፍራ በሙጫ የተያያዘ ነበረ። ሬደክስ የሚባል ማጣበቂያ ነው፤ ኖርማን ደ ብሩይን የተባለ ሊቅ በካምብሪጅ አጠገብ በደክስፎርድ ያወጣው ሲሆን፥ የስሙም መጨረሻ ከዚያው ስፍራ ስም የተወሰደ ነው። አልሙኒየምን ከአልሙኒየም ጋር በሙቀትና በጭነት ያጣብቃል። ሚስማር አስገብቶ ለመቀጥቀጥ ቆዳውን መብሳት ግድ ነው፤ ሙጫ ግን አይበሳም። ያልተበሳ ቆዳ ምን ያህል እንደሚጠቅም በኋላ ይታያል።

ከሥራው ሁሉ ያስደነገጠን ሒሳቡ ነው። የኮሜት የገላው ቆዳ ውፍረት በብዙው ስፍራ 0.7 ሚሊ ሜትር ያህል ነበረ። ይህን ለ24 ብናካፍለው 0.03 ሚሊ ሜትር ይሆናል። እኛ የምንሠራበት ወፍራም ወረቀት ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ የወረቀቱ ኮሜት እንደ መጠኑ ከብረቱ ኮሜት ስምንት ጊዜ የሚበልጥ ወፍራም ልብስ ለብሷል ማለት ነው። ደብዳቤ የምንጽፍበት ስስ ወረቀት እንኳ እንደ ምሳሌው መጠን ሦስት ጊዜ ይበልጠዋል። ልጁ አላምንም ብሎ ሒሳቡን ደጋግሞ አየው።

ቆዳው እንዲህ መቅጠኑ ከንፉግነት የመጣ አልነበረም። የዚያን ጊዜ ጄት ሞተር በዝቅታ ሲሄድ ነዳጅ አብዝቶ ይበላ ስለ ነበረ እስከ 12,000 ሜትር መውጣት ያስፈልገው ነበረ፤ ለመውጣትም ክብደቱ መቅለል ነበረበት። በዚያ ከፍታ ሰው ሊተነፍስ አይችልም። ስለዚህ ገላው ተዘግቶ አየር ይሞላበታል፤ የሚሞላበትም አየር በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኘውን ያህል ነው። አንባቢ ሆይ፥ ይህ የአዲስ አበባ ከፍታ ነው ማለት ይቻላል። የኮሜት መንገደኛ በሰማይ ጫፍ ተቀምጦ እኛ በደጃችን የምንተነፍሰውን አየር ይተነፍስ ነበረ። ይህ አየር ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ግፊቱም በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ቆዳ ላይ 5.8 ቶን ያህል ነው። አይሮፕላኑ በወጣ ቁጥር ቆዳው ይወጠራል፥ በወረደ ቁጥር ይላላል።

በሜይ 2 ቀን 1952 የመጀመሪያው ኮሜት መንገደኞቹን ጭኖ ከለንደን ተነሣ፤ በሮም፥ በቤይሩት፥ በካርቱም፥ በኢንቴቤና በሊቪንግስተን እያረፈ ጆሃንስበርግ ገባ። ጎረቤታችን ካርቱም የዓለምን የመጀመሪያ የጄት መንገደኞች በዓይኗ ካዩት ከተሞች አንዲቱ ሆነች። ያ አይሮፕላን በምዝገባ ፊደሎቹ መጨረሻ ዮክ ፒተር ይባል ነበረ፤ በዘመኑ የአየር ሰዎች ፊደልን የሚጠሩት በቃል ነበረና። የሚጭነውም 36 ሰው ነበረ።

ይኸው ዮክ ፒተር በጃንዩዌሪ 10 ቀን 1954 ከሮም ተነሥቶ ወደ ለንደን ሲወጣ በኤልባ ደሴት አጠገብ በአየር ላይ ተበታተነ፤ 35 ሰዎች ሞቱ። ኮሜቶች ከሥራ ቆመው ተመረመሩ፤ ምክንያቱ ግን ስላልተገኘ በማርች 23 ቀን እንደ ገና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። በኤፕሪል 8 ቀን ሌላው፥ ዮክ ዮክ የተባለው፥ ከሮም ወደ ካይሮ ሲሄድ በኔፕልስ አቅራቢያ ባሕር ላይ ወደቀ፤ በእርሱም 21 ሰዎች ሞቱ። ከዚህ በኋላ የመብረር ፈቃዱ ተነሣበት። ስለ ሁለቱ አደጋዎች ከዚህ የበለጠ አልጽፍም፤ ሙታኑን ማክበር ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘት ነውና ወደዚያው ልሂድ።

ምርመራው በፋርንቦሮ ላለው የአይሮፕላን ምርምር ተቋም ተሰጠ፤ አለቃው አርኖልድ ሆል ነበረ። ያደረጉትም ይህ ነው። ከኮሜቶቹ አንዱን፥ ዮክ አንክል የተባለውን፥ ሙሉውን ወስደው ለእርሱ በተሠራ ታላቅ የውኃ ገንዳ ውስጥ አስገቡት፤ ክንፎቹ ከገንዳው በግራና በቀኝ ወጥተው ይታዩ ነበረ። ገላውንም በውኃ ሞልተው፥ ሌላ ውኃ እየጨመሩ አስጨነቁት፥ መልሰውም አላሉት፤ ክንፎቹንም በአየር ላይ እንደሚሆኑት አወዛወዟቸው። የሦስት ሰዓት በረራ ድካም በጥቂት ደቂቃ ያልፍበት ነበረ። ስለ ምን በአየር ፈንታ በውኃ አደረጉት ቢባል፥ የታመቀ አየር ቆዳው በተቀደደ ጊዜ እንደ ቦምብ ፈንድቶ ሁሉን ይበታትናል፥ የመጀመሪያው ስንጥቅ ከየት እንደ ተነሣም ለማወቅ አይቻልም። ውኃ ግን እምብዛም የማይጨመቅ ስለ ሆነ፥ ቆዳው ሲቀደድ ግፊቱ ወዲያው ይወድቃል፤ ቅዳዱም እንዳለ ለመርማሪው ዓይን ይቆያል። ይህን ዘዴ ያሰበ ሰው በእኔ ሚዛን አይሮፕላኑን ካሰበው አያንስም።

ዮክ አንክል ወደ ገንዳው ሲገባ 1,221 ጊዜ በእውነት በርሮ ነበረ። በገንዳው ውስጥ ደግሞ 1,836 ጊዜ ተወጠረ። በጁን ወር 1954 በጠቅላላው 3,057 ላይ ሲደርስ ቆዳው ተቀደደ፤ ስንጥቁም የጀመረው ከአደጋ መውጫው መስኮት ማዕዘን ነበረ። ከዚያም በኦገስት ወር የኢጣልያ ዓሣ አጥማጅ በመረብ ከባሕር ያወጣው የዮክ ፒተር የጣራ ቁራጭ ይህንኑ መሰከረ፤ ለሬዲዮ መሣሪያ በጣራው ላይ ከተከፈቱት ሁለት መስኮቶች በአንዱ ማዕዘን፥ ከሚስማር ቀዳዳ አጠገብ፥ ስንጥቁ ተነሥቶ ነበረ። ዮክ ፒተር የወደቀው በ1,290 በረራ ገደማ ነው፤ ዮክ ዮክ ግን በ900 ገደማ።

ልጁን ያስጨነቀው ጥያቄ ከዚህ ቀጥሎ መጣ። ኩባንያው ሰነፍ አልነበረም። አስቀድሞ የገላውን አንድ ክፍል ፈትኖ፥ 18,000 ጊዜ ያህል እስኪወጠር ድረስ ችሎለት ነበረ። ታዲያ አንዱ 18,000 ጊዜ የቻለውን፥ ወንድሙ በ900 ስለ ምን አቃተው? መልሱ የሚያስገርም ነው። ኩባንያው ያንን ክፍል ለድካም ፈተና ከማቅረቡ በፊት፥ ጥንካሬውን ለማስመስከር ብሎ በሥራ ላይ ከሚደርስበት እጥፍ በሆነ ግፊት ወጥሮት ነበረ። ያ ታላቅ ግፊት በመስኮቶቹ ማዕዘን ያለውን ብረት ጥቂት ስቦ ስለ ዘረጋው፥ ኋላ በተለመደው ግፊት ሲወጠር የማዕዘኑ ሸክም ቀለለለት፥ ዕድሜውም ረዘመ። ሰው የሚጭኑት ኮሜቶች ግን ያንን እጥፍ ግፊት አልቀመሱም። ስለ ጥንካሬ የተደረገው ፈተና ስለ ድካም የተደረገውን ፈተና ሐሰተኛ ምስክር አደረገው። አንድ ጊዜ ታላቅ ሸክም መቻል አንድ ነገር ነው፤ ትንሹን ሸክም በየቀኑ መቻል ሌላ ነገር ነው፤ በዚያ ዘመን ስለ ሁለተኛው የሚታወቀው ጥቂት ነበረ። ልጁ መጽሐፉን ገልጦ አሳየኝና «ጋሼ፥ ይህ ሁሉ እኮ እዚህ ሁለት መሥመር ብቻ ነው» አለኝ።

በእጃችን ልናየው ፈለግን። ከኮሜቱ ወረቀት ሦስት እኩል ቁራጮች ቈረጥን። በመጀመሪያው መካከል ማዕዘኑ የሾለ መስኮት ከፈትን፤ በግራና በቀኙ የቀረው ወረቀት ከስንዴ ዘለላ አይሰፋም። በሁለተኛው ላይ በስፋትም በርዝመትም ያንኑ የሚያህል፥ ነገር ግን ማዕዘኑ የተድበለበለ መስኮት አደረግን። ሦስተኛውን ሳንበሳ ተውነው። ጫፎቻቸውን በእንጨት መካከል አጣብቀን በበሩ ጉበን ላይ ሰቀልናቸው፤ በየተራም ባልዲ እያንጠለጠልን ድንጋይ በድንጋይ ጨመርን። አስቀድሞ የተቀደደው የሾለው ነው፤ ቅዳዱም ከማዕዘኑ ጀመረ። የተድበለበለው ከዚያ አልፎ ጥቂት ድንጋይ ቻለ። ያልተበሳው ባልዲው ሞልቶ ምንም አልሆነም። ከዚያ ይህን አሸናፊ አወረድነውና ልጁ በሁለት ጣቱ ወዲያና ወዲህ ያጥፈው ጀመረ፤ እኔ እቈጥር ነበረ። ሸክም የለበትም፥ ጣት ብቻ ነው። ሠላሳ ሲሞላ ምንም የለም። ሰባ ሲደርስ እጥፋቱ ነጥቶ ሻከረ። መቶ ሳይሞላ ከዳሩ ተሰነጠቀ። ሙሉ ባልዲ ድንጋይ የተሸከመው ወረቀት ይህ ነው። ልጁ ሁለቱን ስንጥቅ ይዞ ብዙ ጊዜ ዝም አለ፤ እኔም አላናገርሁትም።

ብራና ዳማጭ የማዕዘንን ነገር በራሱ መንገድ ያውቀዋል። የፍየሉ ቆዳ ሲገፈፍ ቢላዋ የነካካው ስፍራ ሲገፈፍ አይታይም፤ በመወጠሪያው ላይ ሲወጠር ግን ያች ትንሽ ጭረት ተከፍታ እንደ ዓይን ትሆናለች። ዳማጩም ሳትሰፋበት ፈጥኖ በክር ይይዛታል። በቀደሙት መጻሕፍት ገጽ መካከል ዙሪያዋ የተሰፋ ክብ ቀዳዳ፥ ጸሐፊውም ቃሉን ከፍሎ የዘለላትን፥ አንባቢው አይቶ ይሆናል። ቆዳ ሁልጊዜ ቀዳዳውን ክብ ሊያደርገው ይፈልጋል፤ እኛ ነን ማዕዘን የምናወጣለት።

ስለ ኮሜት በሕዝብ ዘንድ የሚነገረው «መስኮቱ አራት ማዕዘን ስለ ሆነ ወደቀ» የሚል ነው። ይህ በከፊል ብቻ እውነት ነው። ማዕዘኖቹ የሾሉ አልነበሩም፥ ተድበልብለዋል፤ ነገር ግን መድበልበላቸው አልበቃም። በማዕዘኑ የሚሰበሰበው ጭንቅ መሐንዲሶቹ ከገመቱት እጅግ በለጠ፤ ቆዳው ቀጭን፥ የሚስማሩም ቀዳዳ ለማዕዘኑ ቅርብ ነበረ። የእኛ ንድፍ መስኮቶቹን በቀለም አሳይቶ ይተዋቸዋል፤ ቈርጦ መክፈት በሠሪው ፈቃድ ነው። እኔ ይከፈቱ አልሁ። በመጀመሪያ አራቱ ማዕዘኖች በክብ መብሻ ይበሳሉ፤ ቀጥሎ ምላጩ ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ ይሄዳል፥ ከዚያም አያልፍም። በአንድ ማታ ከአራት መስኮት በላይ አንከፍትም። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ሆኖ ሳለ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስቀምጠኝ ለኖርሁት ለእኔ ይህ አዲስ አይደለም፤ ልጁን ግን እንዴት እንዳሰለቸው እኔ ዐውቃለሁ።

አንድ ወዳጄ «ከሠራችሁስ ያሸነፈውን ኮሜት ለምን አትሠሩም?» ብሎኛል። ማለቱ ኮሜት 4ን ነው፤ ቆዳው የወፈረ፥ መስኮቱም ወደ ክብ የመጣ ሆኖ፥ በኦክቶበር 4 ቀን 1958 መንገደኛ ጭኖ የአትላንቲክን ውቅያኖስ የተሻገረ የመጀመሪያው ጄት ሆኗል። ደግሞም በዚያው ወር የአሜሪካው ቦይንግ 707 መጣ፤ ብዙ ሰው የሚጭን ስለ ነበረ ገበያውን ወሰደው። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ1962 የመጀመሪያዎቹን ጄቶቹን ሲያገኝ ቦይንግ 720 ነበሩ። ከኮሜት የተወለደው ኒምሮድ ግን የእንግሊዝን አየር ኃይል እስከ 2011 አገልግሏል። ኮሜት 4 መልካም አይሮፕላን ነው፤ ነገር ግን ልጁን የሚያስተምረው ስለሌለ አልመረጥሁትም። ዛሬ የመንገደኛ ጄት ሁሉ ስንት ጊዜ ወጥቶ እንደ ወረደ ይቈጠርለታል፥ ይጻፍለታል፤ የሚቈጥረውና የሚጽፈው እንደ ልጁ ያለ ሰው ነው። የመስኮቱ ማዕዘን የቀድሞው የሆነ የአንድ ኮሜት ገላ ከለንደን በስተ ሰሜን ባለው በደ ሃቪላንድ ሙዚየም ይገኛል፤ ልጁ አንድ ቀን ሄዶ በእጁ ሊነካው እንደሚሻ ነግሮኛል።

አሁን የቀረን ጅራቱና የምዝገባ ፊደሎቹ ናቸው። ከንድፉ ጋር የብዙ ኮሜቶች ፊደል ታትሞ መጥቷል፤ ከመካከላቸው አንዱን መርጦ መለጠፍ ነው። እኔ የመጀመሪያውን መንገድ የሄደው ዮክ ፒተር ይሁን ብዬ ነበረ። ልጁ ግን የዮክ አንክልን ፊደሎች ቈርጦ ለይቶ አስቀምጦ አገኘሁት። ስለ ምን እንደ መረጠው ብጠይቀው፥ አስቀድሞ «አንክል በእንግሊዝኛ አጎት ማለት ነዋ፥ ጋሼ» ብሎ ሳቀብኝ። ቀጥሎም ፊቱን መልሶ «ደግሞ እርሱ ሰው ይዞ አልወደቀም፤ ውኃ ውስጥ ሆኖ ነው የተሰበረው» አለ። ሙጫው እስኪደርቅ ሁለት ቀን ይፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ ባለቤቴ አልጋዋን ታገኛለች።